በዕፅ ወንጀል የተፈረደበት ከጊዜው በፊት እንዴት ይፈታል?

በአደንዛዥ ዕፅ ወንጀል የተፈረደበት ሰው የእስራት ጊዜውን ሳይጨርስ ሊወጣ የሚችለው በምሕረት፣ በይቅርታ ወይም በአመክሮ ነው። ሰው ሦስቱንም “ምሕረት” ብሎ ቢጠቀልላቸውም ሰጪያቸውም ውጤታቸውም ይለያያል። ምሕረት የሚመጣው በሕግ ሲሆን የተጀመረ ክስ ያቋርጣል፣ የተሰጠ ፍርድም እንዳልነበረ ያስቆጥራል። ይቅርታ ቅጣቱን በሙሉ ወይም በከፊል ያስቀራል፣ አለዚያም ወደ ቀለለ ቅጣት ይለውጠዋል እንጂ ጥፋተኝነቱን አይነካም፤ በፌዴራል ደረጃ ይህን ሥልጣን የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 71 ለፕሬዚዳንቱ ሰጥቷል። አመክሮ የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው። ታራሚው ቀሪውን ጊዜ ከማረሚያ ቤቱ ግቢ ውጭ፣ ጠባዩ እየታየ እንዲጨርስ ይለቀቃል።

ምሕረት የዕፅ ፍርደኛን የሚነካበት አጋጣሚ እምብዛም የለም። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የምሕረት ሕግ ከ13,000 በላይ ሰዎችን ተጠቃሚ ቢያደርግም የታሰበው ለአገር ክህደት፣ በሕገ መንግሥቱ ላይ ለተነሱ ወንጀሎች፣ ለሽብርና ለመሳሰሉት ፖለቲካ ለነካቸው ክሶች ነበር። የቀሩት ሁለቱ መንገዶች ለዕፅ ታራሚም ክፍት ናቸው፤ ነገር ግን እኩል አይደሉም።

የወንጀሉን ክብደት ማወቅ ይቀድማል። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ፣ በአንቀጽ 525፣ ዕፁን ያለ ፈቃድ ያመረተን፣ ያጓጓዘን፣ ያከማቸን ወይም ለገበያ ያቀረበን ሰው ከ5 ዓመት በማያንስ ጽኑ እስራትና እስከ 100,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ይቀጣል። የጽኑ እስራት ጣሪያ 25 ዓመት ነው። ድርጊቱ በቡድን ሲፈጸም ወይም ዕፁ ለአካለ መጠን ላልደረሰ ልጅ ሲሰጥ ቅጣቱ ከዚህም ይከብዳል። መነሻው 5 ዓመት መሆኑ ኋላ ይቅርታ ሲመጣ ብዙ ነገር ይወስናል።

በስምጥ ሸለቆ ከተሞች የዚህ ወንጀል መልክ ከመንገዱ ጋር የተያያዘ ነው። ከሞያሌ በሐዋሳ በኩል የሚመጣው አውራ ጎዳና በሻሸመኔ፣ በአርሲ ነገሌና በባቱ (ዝዋይ) አልፎ ሞጆ ላይ ከጅቡቲው መስመር ጋር ይገጥማል፤ ከዚያ ወዲያ አዳማ አለች። በሻሸመኔ ዙሪያ ካናቢስ በበቆሎና በእንሰት መሐል ተሸሽጎ ይበቅላል። ከተማዋ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1948 ለጥቁር ሕዝቦች በሰጡት መሬት ላይ የሰፈሩ ራስ ተፈሪያን መኖሪያም ናት። ለእነሱ ቅጠሉ የአምልኮ አካል ቢሆንም የኢትዮጵያ ሕግ በሃይማኖት ምክንያት የሚያልፈው የለም። ብዙዎቹ የመጡባት ጃማይካ ግን እ.ኤ.አ. በ2015 ሕጓን አሻሽላ እስከ 56 ግራም ገደማ መያዝን ከወንጀልነት አውጥታለች፤ ራስ ተፈሪያንም ለአምልኮ እንዲጠቀሙበት ፈቅዳለች። በዚያው በአዳማና በሞጆ ጎዳና ጫት በጠራራ ፀሐይ ተጭኖ ያልፋል፤ ማንም አያስቆመውም። ሕግ በየቅጠሉ ይለያያል።

ኬላ ላይ ዕቃው የሚያዘው ከተሸከመው ሰው ጋር ነው። ጆንያው በሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ወይም በአይሱዙው ጭነት ሥር ሲገኝ እዚያው የሚቆሙት ሾፌሩ፣ ረዳቱና በተሳፋሪ ስም የገባችው ተሸካሚ ናቸው። የዕቃው ባለቤት መኪናው ላይ የለም። ከጊዜ በፊት ስለመፈታት ሲነሳ ይህ መዘንጋት የለበትም፤ የይቅርታ ማመልከቻ የሚጽፈው አብዛኛውን ጊዜ ይህ የታችኛው ሰው ነውና።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ፋይሉ የማን ነው የሚል ነው። የአደገኛ ዕፅ ዝውውር ከፌዴራል ወንጀሎች የተመደበው በ1988 ዓ.ም. በወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 25 ነው። በሌላ በኩል የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 የክልል ከፍተኛና ጠቅላይ ፍርድ ቤቶች የፌዴራል ጉዳይ በውክልና እንዲያዩ ይፈቅዳል። ስለዚህ አዳማ የተያዘ ሰው በምሥራቅ ሸዋ፣ ሻሸመኔ የተያዘው በምዕራብ አርሲ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በኦሮሚያ ዳኞች ሊዳኝ ይችላል፤ ወንጀሉ ግን የፌዴራል እንደሆነ ይቀራል። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የተያዘው ደግሞ በአዲስ አበባ የፌዴራል ፍርድ ቤት ይፈረድበታል፤ ቅጣቱንም በቃሊቲ ወይም በዚሁ በስምጥ ሸለቆ በሚገኘው የዝዋይ ፌዴራል ማረሚያ ቤት ሊፈጽም ይችላል።

ለቤተሰብ ይህ ግራ ያጋባል። የኦሮሚያ ክልል የራሱ የይቅርታ ሥርዓት አለው፤ በጥር 2010 ዓ.ም. ብቻ ከ2,000 በላይ ሰዎችን ለቋል። ዜናው በሬዲዮ በተሰማ ቁጥር አዳማ ማረሚያ ቤት በር ላይ ስንቅ ይዛ የቆመች እናት “የእኔም ልጅ አለበት ይሆን?” ብላ መጠየቋ አይቀርም። መጀመሪያ መጣራት ያለበት ግን ልጇ የተፈረደበት በክልል ሥልጣን ነው ወይስ በፌዴራል ውክልና የሚለው ነው፤ ማመልከቻው የሚሄድበትን ቤት የሚወስነው እሱ ነው። ይህን የሚነግረው የፍርዱ ግልባጭ ነው። ግልባጩ በአፋን ኦሮሞ ስለሚጻፍ፣ የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት የሚሠራው ደግሞ በአማርኛ ስለሆነ፣ የትርጉም ጉዳይ ይከተላል፤ ያም ሌላ ወጪና ሌላ ደጅ መጥናት ነው።

አመክሮ ከሁለቱ ይበልጥ የሚታመን መንገድ ነው። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 202 መሠረት ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን፣ ዕድሜ ልክ ከሆነም 20 ዓመት የፈጸመ ታራሚ በማረሚያ ቤቱ አቅራቢነት ወይም በራሱ ጥያቄ በአመክሮ ሊፈታ ይችላል። ፍርድ ቤቱ የሚያየው በሥራውና በጠባዩ መሻሻሉን፣ ያደረሰውን ጉዳት በተቻለው መጠን መካሱን፣ ወጥቶም በሰላም እንደሚኖር የሚያሳምን ነገር መኖሩን ነው።

ስሌቱን በምሳሌ ማየት ይቀላል። አንድ የሚኒባስ ረዳት 6 ዓመት ተፈርዶበታል፣ ከፍርዱ በፊትም 8 ወር በቀጠሮ ታስሯል እንበል። የቀጠሮው ጊዜ ከቅጣቱ ይታሰብለታል። ሁለት ሦስተኛው 4 ዓመት ስለሆነ፣ ከፍርዱ ቀን ጀምሮ 3 ዓመት ከ4 ወር ሲሞላው አመክሮ ሊጠይቅ ይችላል። እስከዚያ ድረስ በግቢው ሽመና ወይም እንጨት ሥራ መግባቱ፣ ያቋረጠውን ትምህርት መቀጠሉ፣ የዲሲፕሊን ጥፋት አለመመዝገቡ እየተጻፈ ይጠራቀማል። አንድ ቀን የሚነሳ ጠብ የዓመታት መዝገብ ሊያበላሽ ስለሚችል፣ አመክሮው የደረሰ ታራሚ ከማንም ይልቅ ጭምት ይሆናል። ከወጣ በኋላ የፈተናው ጊዜ በመርሕ ደረጃ ከቀረው እስራት ጋር የሚተካከል ሲሆን፣ የተጣለበትን ግዴታ ከጣሰ ይመለሳል። የገንዘብ መቀጮው በአመክሮ አይሰረዝም።

አገሪቱ በዓይኗ ያየችው ትልቁ የአመክሮ ምሳሌ ከዕፅ ጋር የሚገናኝ አይደለም። በግንቦት 2003 ዓ.ም. 23 የደርግ ባለሥልጣናት የተፈረደባቸው ሞት ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠላቸው፤ በመስከረም 2004 ዓ.ም. ደግሞ 20 ዓመት የሞላቸው በአመክሮ ወጡ። መጀመሪያ ይቅርታ ቅጣቱን አቀለለ፣ ከዚያ አመክሮ በሩን ከፈተ። ሁለቱ መንገዶች እንደሚደጋገፉ ከዚህ በላይ ግልጽ ማስረጃ አይገኝም፤ ረዥም ዓመት የተፈረደበት የዕፅ ታራሚም ይቅርታ ሲጠይቅ ሙሉ በሙሉ መፈታት ብቻ ሳይሆን የቅጣት ቅነሳም ሊጠይቅ ይችላል።

ይቅርታ አሁን የሚመራው በ2006 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 840 ነው። ማመልከቻውን ታራሚው ራሱ፣ የትዳር ጓደኛው፣ የቅርብ ዘመዱ፣ ወኪሉ ወይም ጠበቃው ሊያቀርብ ይችላል፤ ማረሚያ ቤቱም ያቀርባል። የይቅርታ ቦርዱ መርምሮ የውሳኔ ሐሳብ ለፕሬዚዳንቱ ይልካል። ወረቀቱን ብዙ ጊዜ የሚያዘጋጀው በፍርድ ቤት ደጃፍ የተቀመጠ ራፖር ጸሐፊ ነው፤ የተፈረደበት ወንጀል፣ ፍርድ ቤቱ፣ የመዝገብ ቁጥሩ፣ የፈጸመው ጊዜ፣ ሕመም ወይም የቤተሰብ ችግር ካለ ማስረጃው፣ በመጨረሻም ጸጸቱ ይሰፍራል። ንጹሕ ነኝ ብሎ የሚከራከር ማመልከቻ ቦታው ሰበር ወይም ይግባኝ ነው፤ ይቅርታ ጠያቂ ጥፋቱን ተቀብሎ ነው የሚቀርበው።

እዚህ ላይ የዕፅ ታራሚን የሚጎዳ አንድ ነገር አለ። በነፍስ ግድያ የተፈረደበት ሰው ቤተሰቡ ሽማግሌ ልኮ፣ በኦሮሞ ባህል ደግሞ ጉማ ከፍሎ፣ ከሟች ወገን ጋር ሊታረቅ ይችላል፤ ያ የዕርቅ ወረቀት ለይቅርታ ጥያቄው ክብደት ይሰጠዋል። በዕፅ ወንጀል የሚታረቁት ሰው የለም። ተበዳዩ ማኅበረሰቡ በሙሉ ነው፣ ማኅበረሰብ ደግሞ ወረቀት ላይ አይፈርምም። ስለዚህ የዕፅ ታራሚው ማመልከቻ ከባሰ ወንጀለኛ ማመልከቻ ይልቅ ባዶ ሊመስል ይችላል።

ዓለም አቀፉ ስምምነትም ወደ ሁለት ይጎትታል። ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት እ.ኤ.አ. የ1988ቱ የተባበሩት መንግሥታት የሕገ ወጥ ዕፅ ዝውውር ስምምነት በአንቀጽ 3፣ ዕፅ አዘዋዋሪን ቀድሞ ለመፍታት ሲታሰብ የወንጀሉ ከባድነት ግምት ውስጥ እንዲገባ ያዛል። በዚያው አንቀጽ ግን ቀላል በሆኑ ጉዳዮች አገሮች በቅጣት ፋንታ ትምህርት፣ ሕክምናና ተሃድሶ መስጠት እንደሚችሉ ይፈቅዳል። በአሜሪካ ይህ ሁለተኛው ሐሳብ ገፍቷል፤ ባራክ ኦባማ በሥልጣን ዘመናቸው የ1,715 ሰዎችን ቅጣት ያቀለሉ ሲሆን አብዛኞቹ በዕፅ የተፈረደባቸው ነበሩ፤ ጆ ባይደን ደግሞ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 ማሪዋና በመያዝ ብቻ በፌዴራል ሕግ ለተፈረደባቸው በጅምላ ይቅርታ አድርገዋል።

በኢትዮጵያ የዕፅ ፍርደኞች በይፋ የተጠቀሱበት ይቅርታ የመጣው በወረርሽኝ ጊዜ ነው። ኮሮና እንደገባ ማረሚያ ቤቶችን ለማቃለል ሲባል ፕሬዚዳንት ሳህለወርቅ ዘውዴ መጋቢት 16 ቀን 2012 ዓ.ም. ለ4,011 ታራሚዎች ይቅርታ አደረጉ። የተካተቱት በቀላል ወንጀል እስከ 3 ዓመት የተፈረደባቸው፣ ለመፈታት ጥቂት ጊዜ የቀራቸው፣ ሕፃን የያዙ እናቶች፣ እንዲሁም በዕፅ ዝውውር የተፈረደባቸው የውጭ አገር ዜጎች ነበሩ፤ የውጭ ዜጎቹ ወደየአገራቸው እንዲሸኙ ተወሰነ። የ5 ዓመቱ መነሻ ትርጉም የሚታየው እዚህ ነው። የቅጣት ማቅለያ ያልታየለት የሻሸመኔ ወይም የአዳማ ልጅ ከ3 ዓመቱ መስመር በላይ ስለሚውል በዚያ መስፈርት አይገባም፤ የሚቀረው ሊፈታ ተቃርቦ መገኘት ነው። በቦሌ በኩል ኮኬይን ይዞ ሲያልፍ የተያዘ የውጭ ዜጋ ግን የወንጀሉ ዓይነት በስም ተጠቅሶ ተፈታ። ለወጪና ለቆንስላ ጉዳይ ሲባል የተደረገ ነው ብሎ መረዳት ይቻላል፤ ፍትሐዊ ነው ለማለት ግን ይከብዳል።

ይቅርታ ቅድመ ሁኔታ ሊታከልበት፣ ከተጣሰም ሊሰረዝ ይችላል። ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ አንቀጽ አይደለም። በሐምሌ 1999 ዓ.ም. ከተቃዋሚው ቅንጅት ፓርቲ መሪዎች ጋር በይቅርታ የተፈቱት ፖለቲከኛዋ ብርቱካን ሚደቅሳ በታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. ይቅርታቸው ተሰርዞ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተመልሰው ነበር፤ ዳግም የወጡት በመስከረም 2003 ዓ.ም. ነው። ለዕፅ ፍርደኛ አደጋው የሚመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው፤ ወደ ቀድሞው ሥራ መመለስ።

ያ ሥራ ደግሞ ሰውየውን መልሶ የሚጠራው በምክንያት ነው። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 229 መሠረት ይቅርታ ፍርዱን አይሰርዝም፤ በፖሊስ መዝገብ ላይ እንዳለ ይቀራል፣ ሌሎች ውጤቶቹም ይቀጥላሉ። በአመክሮ የወጣውም እንዲሁ ነው። የተፈታው ረዳት መንጃ ፈቃድ አውጥቶ በድርጅት ሊቀጠር ወይም ወደ ዓረብ አገር ሊሄድ ሲል የጣት አሻራ ሰጥቶ ከወንጀል ነፃ ማስረጃ አምጣ ይባላል። ማስረጃው የጥንቱን ፍርድ ይዞ ይመጣል። አሻራ የማይጠይቀው ያው የሚኒባስ ተራ ነው፤ ጆንያውን የሰጠው ሰው የሚያገኘውም እዚያው ነው። ሕጉ ቅጣቱ ተፈጽሞ የተወሰኑ ዓመታት በመልካም ጠባይ ላለፉት ሰው ፍርዱ ከመዝገብ እንዲፋቅለት ፍርድ ቤት የሚያመለክትበትን ሥርዓት አስቀምጧል፤ የራፖር ጸሐፊ ደንበኞች ግን ይህን ጥያቄ ይዘው ሲመጡ እምብዛም አይታዩም።