ታይሮክሲን ያለ ጥፋቱ የተከሰሰበት ጉበት

በነገሌ ቦረና፣ በያቤሎ ወይም በሞያሌ እንቅርቱን በቀዶ ሕክምና ያስወጣ፣ አለዚያም የታይሮይድ ዕጢው በራሱ ጊዜ የደከመበት ሰው በየማለዳው አንዲት ትንሽ ክኒን እንዲውጥ ይታዘዝለታል። ሌቮታይሮክሲን ናት፤ በተለምዶ ታይሮክሲን የምትባለው። እንዲህ ያለ ታካሚ በአገራችን ጥቂት አይደለም። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድድ ደንብ ባወጣበት እ.ኤ.አ. በ2011 አዮዲን ያለው ጨው የሚገኝበት ቤት ከመቶ 15 ገደማ ብቻ ነበር፤ በ2016 የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ቁጥሩ 89 ደርሷል። ለውጡ ትልቅ ነው፤ ቀድሞ ያበጠ ትልቅ እንቅርት ግን ጨው ስለተለወጠ ብቻ አይጠፋም፣ ብዙ ጊዜም መጨረሻው ቀዶ ሕክምና ነው። ዕጢው ሙሉ በሙሉ ከወጣ ክኒኗ የዕድሜ ልክ ትሆናለች። ፍርሃቱ የሚነሳውም ከዚሁ ነው፤ ይህን ያህል ዘመን የሚዋጥ መድኃኒት ጉበትን ሳይጎዳ ይቀራል? ጥያቄው ተገቢ ነው። በእኔ ግምት ግን ጥርጣሬው የተሳሳተ ነው፤ ስህተቱም ዋጋ ያስከፍላል፣ ምክንያቱም ክኒኗን በፍርሃት ያቆመ ሰው የሚጎዳው ጉበቱንም ጨምሮ ነው።

ታይሮክሲን ለሰውነት ባዕድ አይደለም። ኤድዋርድ ኬንዳል በአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ በ1914 ከእንስሳት ዕጢ ለይቶ ያወጣው፣ ቻርልስ ሃሪንግተን ደግሞ በ1926 የኬሚካል አሠራሩን የፈታው ያው ዕጢያችን ሲያመርተው የኖረው ሆርሞን ነው። ጤናማ ዕጢ በቀን ከ80 እስከ 100 ማይክሮግራም ያህል ያመርታል፤ ዕጢ የሌለው አዋቂ በኪሎ 1.6 ማይክሮግራም ገደማ ይታዘዝለታል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ወደ 100 ማይክሮግራም መሆኑ ነው፤ ማለትም የጎደለውን ያህል። ይጠራቀማል የሚለውም ስጋት አያስኬድም፤ ከተዋጠው ግማሹ በሰባት ቀን ገደማ ከደም ስለሚወጣ ከተወሰኑ ሳምንታት በኋላ የሚገባውና የሚወጣው ይመጣጠናል። ጉበት ደግሞ የዚህ ሆርሞን ሰለባ ሳይሆን የሥራ ባልደረባው ነው። ሆርሞኑን በደም ውስጥ ተሸክመው የሚያዞሩትን ፕሮቲኖች የሚሠራው ጉበት ነው፤ ታይሮክሲንን ጉልበት ወዳለው ቲ3 ከሚለውጡት አካላትም አንዱ እሱ ነው። ሆርሞኑ በበኩሉ ጉበት ስብ እንዲያቃጥልና ኮሌስትሮል እንዲያጸዳ ያዝዛል። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በመጋቢት 2024 ለስባማ ጉበት በሽታ የፈቀደው ሬስሜቲሮም የተባለ መድኃኒት የሚሠራው በጉበት ውስጥ ይህንኑ የታይሮይድ ሆርሞን ትእዛዝ በመኮረጅ ነው።

«ታዲያ የላቦራቶሪ ወረቀቴ ላይ ኤስ.ጂ.ኦ.ቲ. ለምን ከፍ አለ?» የሚል ታካሚ ቀላል የማይባል ነገር እያነሳ ነው። ኤስ.ጂ.ኦ.ቲ. የተባለው ኢንዛይም ከጉበት ብቻ ሳይሆን ከጡንቻም ይወጣል፤ የታይሮይድ እጥረት ደግሞ ጡንቻን ያደክማል። ስለዚህ ቁጥሩ ከፍ ያለው ክኒኗ ስለበዛች ሳይሆን ገና ስላልበቃች ሊሆን ይችላል። በትክክለኛ መጠን እየዋጡ ጉበታቸው የተጎዳ ሰዎች የሉም ማለት ግን አይደለም፤ በተለይ ከጃፓን የአለርጂ ዓይነት ጉዳት የገጠማቸው ጥቂት ታካሚዎች ተዘግበዋል። ሚሊዮኖች በየቀኑ ከሚውጡት መድኃኒት የተመዘገበው ግን በጣት የሚቆጠር ነው።

ክሱ ከየት እንደመጣ መገመት አይከብድም። በአንድ ስም «የእንቅርት መድኃኒት» የሚባሉ፣ ሥራቸው ግን ተቃራኒ የሆነ ሁለት ክኒኖች አሉ። አንዷ የጎደለውን የምትሞላው ታይሮክሲን፣ ሌላዋ የበዛውን የምትቀንሰው ፕሮፒልታዮዩራሲል፣ በሐኪሞች አጠራር ፒ.ቲ.ዩ. ናት። ይቺ ሁለተኛዋ ጉበትን እስከ ሞት ወይም ጉበት እስከማስቀየር ልታደርስ ትችላለች፤ የአሜሪካው ተቆጣጣሪ በ2010 ከማስጠንቀቂያዎቹ ሁሉ ጠንካራውን የለጠፈባት ለዚህ ነው። በብዙ አገር ሐኪሞች በቅድሚያ ሜቲማዞል ወይም ካርቢማዞል የሚያዝዙት፣ ፒ.ቲ.ዩ.ን በዋናነት ለእርግዝና የመጀመሪያ ሦስት ወራት የሚያቆዩት ከዚያ ወዲህ ነው። በአገራችን ግን ዛሬም በሰፊው የምትሰጥ ናት። እሷን የሚውጥ ሰው ዓይኑ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንቱ ከጠቆረ ወይም ቀኝ ጎኑን ካመመው ክኒኗን አቁሞ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ መሄድ አለበት። ጎረቤቱ ታይሮክሲን የምትውጥ ከሆነች ግን ይህ ታሪክ የእሷ አይደለም።

በቆላው ከተሞች ጉበትን የሚያሳስቡ ነገሮች ሌሎች ናቸው። በአገር አቀፍ ደረጃ የተሰባሰቡ ጥናቶች ሄፓታይተስ ቢን ከመቶ 7 ገደማ ሰው ላይ ያገኙታል። ጫትም አለ፤ በሐረር ሆስፒታሎች ተሠርቶ በ2018 የታተመ ጥናት በየቀኑ የሚቅሙ ሰዎች ለሥር የሰደደ የጉበት በሽታ የበለጠ እንደሚጋለጡ፣ ብዙ በቃሙ ቁጥርም አደጋው እንደሚጨምር አሳይቷል። ለእንቅርት ተብሎ የሚጠጣ፣ ምንነቱና መጠኑ የማይታወቅ ሥር ወይም ቅጠልም ከተጠርጣሪዎቹ መውጣት የለበትም። ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው «የወፍ በሽታ ነው» ተብሎ ታይሮክሲኑ ሲነጠቅ እውነተኛው ምክንያት ሳይመረመር ይቀራል።

ታይሮክሲን የራሱ ጉዳት አለው፤ ቦታው ግን ልብና አጥንት ነው። መጠኑ ሲበዛ ልብ ያለ ሥርዓት ይመታል፣ አጥንት ይሳሳል፤ ለመክሳት ብሎ መዋጥማ ፈጽሞ አይገባም። በቆላ ደግሞ ሙቀት ክኒኗን ሳይታይ ያዳክማታል። በአሜሪካ የሚሸጥ ማንኛውም ታይሮክሲን እስከ ማብቂያ ቀኑ ከ95 እስከ 105 በመቶ ጉልበቱን እንዲይዝ በ2007 የተወሰነው የመድኃኒቱ ተፈጥሮ ስስ በመሆኑ ነው። በቀን ሐሩር ከሚግለው ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር መደርደሪያ ላይ ከማኖር ከነማሸጊያው በቤቱ ቀዝቃዛ ጥግ ማስቀመጥ ይሻላል። ማለዳ በወተት ሻይ ወይም በቅቤ በተቆላ ቡና መዋጥም አይመከርም፤ የወተት ካልሲየምም ሆነ ቡና መድኃኒቱ ከአንጀት ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳሉ። በባዶ ሆድ በውኃ ውጦ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት መጠበቅ ነው።

ጉበትና ታይሮክሲን በእርግጥ የሚጋጩበት አንድ ቦታ አለ፣ እሱም ከተለመደው ፍርሃት ተቃራኒ ነው። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን፣ እንደዚሁም ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኖባርቢታል፣ ጉበት ታይሮክሲንን ፈጥኖ እንዲያስወግድ ያደርጋሉ። ዕጢ የሌለው ሰው የጎደለውን ከራሱ ሊተካ ስለማይችል መጠኑ ከፍ ሊደረግለት ይችላል። በሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ላይ እያለ ዓይኑ ቢጫ ከሆነ አስቀድመው የሚጠረጠሩት ሪፋምፒሲን፣ አይሶናያዚድና ፒራዚናማይድ ናቸው። ስድስት ወሩ አልቆ ሪፋምፒሲን ሲቆም ደግሞ ጉበት ወደ ቀድሞ ፍጥነቱ ይመለሳል፤ ከፍ ተደርጎ የነበረው የታይሮክሲን መጠን እንዲቀነስና ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት በኋላ መጠኑ ልክ መሆኑን የሚያሳየው የቲ.ኤስ.ኤች. ምርመራ እንዲደረግ ሐኪሙን ማስታወስ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ትርፉ የሚያርፈው ልብ ላይ ነው።