ስምንቱ ቀጫጭን ሽቦዎች

ሃርድ ዲስክ የሌለው ኮምፒውተር ሲነሳ ማየት እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል። ማብሪያውን ስትጫኑት በኔትወርክ ካርዱ አድራሻ ይጠይቃል፣ ከርነሉን ያወርዳል፣ የቀረውን ከሰርቨሩ እያነበበ ሊኑክሱን ይከፍታል። ብዙ ሰው አሮጌ ብሎ የሚጥለው ማሽን በዚህ መንገድ ዓመታት ያገለግላል። ይህን የሚሠራው ኤልቲኤስፒ የተባለ ነፃ ሶፍትዌር ነው፤ የጀመረው ጂም ማክዊላን በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። የሚገባውን ያህል የሚያውቀው ሰው አለመኖሩ ያሳዝነኛል።

ስለ አጫጫኑ ብዙ አልልም፤ መመሪያውን አንብቦ የሚያቅተው የለም። የሚከብደው በኋላ የሚመጣው "ቀርፋፋ ነው" የሚል አቤቱታ ነው። ተከሳሹ ሁልጊዜ ሰርቨሩ ነው።

አንድ ጊዜ ሃያ ማሽን ወዳለበት የትምህርት ቤት ላብ ተጠራሁ። ጠዋት ተማሪዎቹ እኩል ሲያበሩ የመግቢያው ገጽ እስኪመጣ መምህሩ ስም ጠርቶ ይጨርሳል። የላቡ ኃላፊ በር ላይ ተቀበሉኝና "ልጄ፣ ይኼ ሰርቨር አርጅቷል፤ ራም ጨምርበትና ልጆቹ ይገላገሉ" አሉኝ።

"እሺ እትዬ፣ እስቲ መጀመሪያ ልየው።"

ከራሙ ከግማሽ በላይ ባዶ ነው። ፕሮሰሰሩም ሥራ ፈት ነው። ኢትቱል በምትባለው ትእዛዝ የኔትወርክ ካርዱን ፍጥነት ስጠይቅ 100 ሜጋቢት አለኝ። ካርዱም ስዊቹም የ1000 ናቸው።

ሰርቨሩን ከስዊቹ የሚያገናኘውን ገመድ ነቅዬ የፕላስቲክ ጫፉን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞርኩት። ከስምንቱ ሽቦዎች ሰባቱ እስከ ጥግ ገብተው ወርቃማዎቹ ጥርሶች ነክሰዋቸዋል። ቡናማው ግን አጥሮ መሀል ላይ ቀርቷል። ነገሩ ያለው እዚህ ነው። የ100 ሜጋቢት ኢተርኔት የሚሠራው በአራት ሽቦ ብቻ ነው፤ በብርቱካናማውና በአረንጓዴው ጥንድ። ጊጋቢት ግን ስምንቱንም ይፈልጋል። አንዱ ሲጎድል ብዙ ካርዶች ሳይናገሩ ወደ 100 ይወርዳሉ። የካርዱ መብራት ትበራለች፣ ፒንግም ይመልሳል፤ ገመዱን የሚጠረጥር አይኖርም።

አሁን እናስላ። ሃያው ማሽን ሁሉ የሚያነበው በዚያች አንዲት ገመድ ነው፤ 100 ሜጋቢት ለሃያ ሲካፈል ለእያንዳንዱ 5 ይደርሰዋል። አንድ ተማሪ ብራውዘር ሲከፍት 100 ሜጋባይት ቢነበብ 160 ሰከንድ ይፈጃል። በጊጋቢት 16 ሰከንድ ነው። በአንድ ቡናማ ሽቦ!

እባካችሁ ገመድ የምትከሩ ሰዎች፣ ሽቦውን በጥርስ መላጥ ተዉ። ስምንቱን እኩል ቆርጣችሁ፣ ከመጭመቃችሁ በፊት ጫፉን በፊት ለፊት እዩት፤ ስምንት የሚያብረቀርቁ ነጥቦች ካልታዩ አውጥታችሁ ድገሙት።

ሰርቨሩን የመክሰስ ልማድ ከየት እንደመጣ ግን ይገባኛል። ድሮ ፕሮግራሞቹ የሚሠሩት ሰርቨሩ ላይ ነበር፤ ወደ ተማሪው የሚላከው ምስሉ ብቻ ነው። ያኔ ራም መጨመር ያዋጣ ነበር። በ2019 እ.ኤ.አ. አልኪስ ጆርጎፑሎስ የተባለ ፕሮግራመር ኤልቲኤስፒን እንደ አዲስ ከጻፈው ወዲህ ግን ፕሮግራሙ የሚሠራው በተማሪው ማሽን ራምና ፕሮሰሰር ነው፤ ሰርቨሩ እንደ ዲስክ ያቀብላል። የተማሪው ማሽን ራም ካነሰው የሰርቨሩን እጥፍ ብታደርጉት አይጠቅመውም።

ሌላም አለ። "ሰርቨሩ ላይ ጫንኩት፣ ተማሪዎቹ ጋ አይታይም" የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ተማሪዎቹ የሚያነቡት ቀድሞ የታሸገውን የሲስተሙን ቅጂ፣ ኢሜጁን ስለሆነ "ኤልቲኤስፒ ኢሜጅ" ብላችሁ እንደገና አሽጉት። አዲስ ተማሪ ስትመዘግቡ ደግሞ "ኤልቲኤስፒ ኢኒትአርዲ" በሉ፤ አለበለዚያ ልጁ የይለፍ ቃሉን በትክክል እየጻፈ ይመለሳል። በሁለቱም ጊዜ የተማሪዎቹ ማሽኖች ጠፍተው ይብሩ።

የገመዱን ጫፍ ቆርጬ አዲስ አሰርኩ፤ ኢትቱል 1000 አለ። ሃያውንም አንድ ላይ አበራናቸው። እትዬ ከአንዱ ወደ ሌላው እየሄዱ ስክሪኑን አዩ። ከዚያ የተቆረጠውን ጫፍ ከጠረጴዛው ላይ አንስተው "ይኼን ለርዕሰ መምህሩ ላሳያቸው፤ የራሙን ግዢ ሊፈርሙ ነበር" አሉና በመሀረብ ጠቅልለው ይዘውት ወጡ።