ዋሻና ፍል ውሃ፤ ከአሶሳ እስከ ፈንታሌ

በብዙ አገሮች የጉብኝት ልማድ፥ ከእሳተ ገሞራ የተፈጠረ ዋሻ መግባትና በፍል ውሃ መታጠብ በአንድ ቀን፥ በአንድ መሪ የሚፈጸሙ መዝናኛዎች ሆነው ይቀርባሉ። በኢትዮጵያ እነዚህ ሁለቱ ጎን ለጎን የሚገኙት በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ሲሆን፥ በዚያም ከጎብኚው በፊት ባለ መብት ያላቸው የኑሮ ሥፍራዎች ናቸው። ነገሩን ለመረዳት ከምዕራቡ ጫፍ፥ ከአሶሳ መነሣት ይጠቅማል።

የቤኒሻንጉል ምድር እጅግ ጥንታዊ በሆነ ዐለት ላይ የቆመ ነው፤ ግራኒትና እብነ በረድም ይገኝበታል። የአገሩ ስም ራሱ ከድንጋይ ጋር የተያያዘ ነው፤ በበርታ ቋንቋ «ቤላ ሻንጉል» ማለት የሻንጉል ድንጋይ ማለት ሲሆን፥ በመንጌ አካባቢ የሚገኘውን የተከበረ ዐለት ያመለክታል። በአሶሳ ዙሪያ ካሉት የዐለት መጠለያዎች ቃኣባና ቤል ቁርቁሙ የተባሉትን የእስፓኝ አርኪኦሎጂስቶች ቆፍረው፥ የቀድሞውን ዘመን አሠራር የሚከተሉ የድንጋይ መሣሪያዎች እስከ ቅርብ ሺህ ዓመታት ይሠሩ እንደ ነበር አመልክተዋል። ይሁን እንጂ እነዚህ መጠለያዎች ሰው የኖረባቸው እንጂ እሳተ ገሞራ የሠራቸው አይደሉም።

ዋሻውንም ፍል ውሃውንም የምድር እሳት የፈጠረበትን አገር ለማየት ግን፥ ከአዲስ አበባ በስተ ምሥራቅ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በመተሐራ አጠገብ ወደሚገኘው ወደ ፈንታሌ ተራራ መሄድ ያስፈልጋል። ከፍታው 2,007 ሜትር ነው። ከ170,000 ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰው ትኩስ ዐመድ ተጋግሮ ዐለት ከመሆኑ በፊት፥ በውስጡ የታፈነው ጋዝ ወደ ላይ እየገፋ በምጣድ ላይ እንዳለ ቂጣ አሳበጠው። ከእብጠቶቹም ጣሪያቸው ወይም ጎናቸው የተናደው ዛሬ ዋሻዎች ሆነው ይታያሉ። በ1820 እ.ኤ.አ. ገደማም በተራራው ደቡብ ከተከፈተ ስንጥቅ የቀለጠ ዐለት ወጥቶ ጥቁር ሜዳ ሠርቷል። በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ሰሜናዊ ክፍል፥ በዘንባባዎች መካከል የሚመነጨው ፍል ውሃም ሙቀቱን የሚያገኘው ከዚሁ ከስምጥ ሸለቆው ጥልቀት ነው። ስለዚህ ጎብኚ ጠዋት ዋሻውን አይቶ፥ ከሰዓት በኋላ በፍል ውሃው ሊታጠብ ይችላል።

መሪው የሚሄድበት መንገድ ግን ለጉብኝት የተቀየሰ አይደለም። ከረዩና ኢቱ የተባሉት ኦሮሞዎች እንዲሁም አፋሮች ከብታቸውንና ግመላቸውን እንደ ወቅቱ የሚያዘዋውሩበት ነው። ኦሮሞዎች ማዕድን ያለበትን ውሃ «ሆራ» ይሉታል፤ ለከብት ጤና እንደሚበጅም ያምናሉ። ፍል ውሃው እየፈሰሰ ሲቀዘቅዝ ረግረግና ሣር ስለሚያበቅል፥ በበጋ የግጦሽ ተስፋ ይሆናል። ፓርኩ በ1966 እ.ኤ.አ. ሲመሠረት፥ በዚያው ዘመንም የሸንኮራ አገዳ እርሻ በአዋሽ ዳር ሲስፋፋ፥ አርብቶ አደሮቹ ከበጋ ግጦሻቸው ብዙውን አጡ። ከዚህም የተነሣ በቀረው ውሃና ሣር ላይ የሚነሣው ክርክር በረታ። እንግዳው እንደ መታጠቢያ የሚያየው ኩሬ ለእረኛው የበጋ ስንቅ ነው፤ ጥሩ መሪም ከብት ከሚጠጣበት በላይ በሳሙና እንዳይታጠቡ፥ መንጋ ሲወርድም ስፍራ እንዲለቁ ማስጠንቀቅ ይገባዋል።

ምድሩም ራሱ አንድ ቦታ ላይ አልረጋም። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ሦስት ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የነበረው የበሰቃ ሐይቅ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖ፥ ግጦሽና መንገድ አጥለቅልቋል። ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶም በፈንታሌና በዶፋን መካከል የቀለጠ ዐለት ከምድር በታች ሰርጎ ተደጋጋሚ የምድር መናወጥ አስከትሏል፤ በየካቲት ወር የደረሰው 6.0 ያህል መጠን ነበረው። ብዙ ሺህ ሰዎችም ከቀያቸው ተነሥተዋል። ስለዚህ የትኛው ዋሻ እንደሚያሰጋ፥ የትኛው ምንጭ እንደ ጋለ ወይም እንደ ደረቀ በየጊዜው የሚያውቀው በስፍራው የሚውለው እረኛ ነው።

ለባህል ጥናት የሚቀረው ተግባር ከዚህ ይነሣል፤ የእያንዳንዱን ዋሻና ምንጭ የኦሮሞና የአፋር ስም፥ የመጠቀሚያውን ወቅትና ተራ የሚወስነውን ሥርዐት ከአዛውንቶች አፍ መመዝገብ። መንጋዎቹ ሌላ ውሃ ፍለጋ በሄዱ ቁጥር ስሞቹን የሚጠራ ሰው ያንሳል።