የመብራት ዘበኛ
የቤት መብራት ሲታወክ ስለሚደረግ ምርመራ

በየቤታችን ካሉት አገልጋዮች ሁሉ እንደ ኮረንቲ ድምፁን ሳያሰማ የሚሠራ የለም። በጣት ሲነኩት ቤቱን ያበራል፤ ዳግመኛ ሲነኩት ያርፋል። ስለዚህ ብዙ ሰው የሚያስበው አገልጋይነቱን እንጂ ኀይለኛነቱን አይደለም። አንድ ማታ መብራቱ ድንገት ሲጠፋ ግን ቤተ ሰቡ ይታወካል፤ አንዱ ወንበር ላይ ቆሞ አምፑሉን ይነቀንቃል፤ ሁለተኛው ሻማ ይፈልጋል፤ ሦስተኛው ቢላዋ ይዞ ወደ ፊውዙ ሣጥን ይሄዳል። ከሦስቱ ብልኁ ሻማ የፈለገው ነው።

ዛሬ ለተከበሩ አንባቢዎቻችን ልንገልጽ ያሰብነው፤ መብራት ሲታወክ ነገሩን በምን ተራ መመርመር እንደሚገባ፤ የቤቱ ባለቤት በራሱ የሚያደርገው እስከ ምን ድረስ እንደ ሆነና ከዚያ ወዲያ ያለው ስለ ምን ለባለሙያ እንደሚተው ነው።

አስቀድሞ የኮረንቲን አካሄድ ማወቅ ያስፈልጋል። በአገራችን የቤት ኮረንቲ ግፊቱ 220 ቮልት ነው። ከቈጣሪው ወጥቶ በማከፋፈያው ሣጥን ያልፋል፤ ፌዝ በሚባለው ሽቦ ወደ ማብሪያ ማጥፊያው፤ ከዚያም ወደ አምፑሉ ይደርሳል፤ ኒውትራል በሚባለው በሌላው ሽቦ ይመለሳል። አምፑሉ የሚበራው መሄጃውና መመለሻው እንደ ቀለበት ተያይዞ ሲገኝ ብቻ ነው። ቀለበቱ በአንድ ስፍራ ቢቈረጥ መብራቱ ይጠፋል። ሁለቱ ሽቦዎች በመንገድ ላይ ቢነካኩ ግን ኮረንቲው ሥራውን ሳይሠራ በአቋራጭ ይመለሳልና ከልክ በላይ ይበዛል፤ ሽቦውም ይግላል። እንግዲህ የመብራት በሽታ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት አንዱ ነው፤ ይኸውም መቈረጥ፤ መነካካት ወይም መላላት ነው።

በሣጥኑ ውስጥ ያለው ፊውዝ የቤቱ ዘበኛ ነው። ቀጭን ሽቦ ስለ ሆነ ኮረንቲው ከልክ ሲያልፍ ራሱ ቀልጦ መንገዱን ይዘጋል። ለፊውዝ መሣሪያ የፈጠራ መብት ከተሰጣቸው ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው ቶማስ ኤዲሰን ሲሆን ዘመኑም በአውሮጳውያን አቈጣጠር 1890 ነበር። ዛሬ በብዙ ቤት የፊውዝን ስፍራ የያዘው ብሬከር ነው፤ እርሱ ሳይቀልጥ ይወርዳል፤ ነገሩ ከተስተካከለ በኋላም መልሰው ያነሡታል።

ለመብራት መስመር ብዙ ጊዜ የሚመደበው ዘበኛ የ10 አምፔር ነው። ይህም በ220 ቮልት ሲባዛ 2,200 ዋት ይሆናል። ባለ 9 ዋት ሃያ አምፑሎች በአንድነት ቢበሩ ግን የሚወስዱት 180 ዋት ብቻ ነው። ስለዚህ በመብራት መስመር ላይ ዘበኛው ደጋግሞ ቢወርድ ጥፋቱ የእንዲህ ያሉ አምፑሎች መብዛት አይደለም፤ ወይም ምድጃና ማሞቂያ በመስመሩ ላይ ተቀጥሎበታል፤ ወይም ሽቦ ከሽቦ ተነካክቷል።

ምርመራው በዚህ ተራ ይደረግ። በመጀመሪያ የጎረቤት መብራት መኖሩን ማየት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ከጨለመ በሽታው የቤታችን አይደለም። ሁለተኛ፤ የጠፋው አንድ አምፑል ብቻ እንደ ሆነ በሣጥኑ ላይ መስመሩን አጥፍቶ፤ አምፑሉ እስኪበርድ ቆይቶ፤ ደኅና መሆኑ በታወቀ አምፑል መለወጥ ነው። በማብሪያው ብቻ አጥፍቶ መለወጥ አይበቃም፤ ሠራተኛው ተሳስቶ ማብሪያውን በፌዙ ፈንታ በኒውትራሉ ላይ አግብቶት እንደ ሆነ አምፑሉ ጠፍቶም መያዣው 220 ቮልቱን እንደ ያዘ ይቆያል። ሦስተኛ፤ መስመሩ በሙሉ ጠፍቶ ብሬከሩ ወርዶ ቢገኝ ማብሪያዎቹን ሁሉ አጥፍቶ በመስመሩ ላይ የተሰካውን ሁሉ ነቅሎ አንድ ጊዜ ማንሣት ነው። ከቆመ ማብሪያዎቹን አንድ በአንድ ያብሩ፤ ብሬከሩ የወረደበት ማብሪያ በሽታው ያለበትን ወገን ያመለክታል። ሁሉ ጠፍቶ ሳለ ከወረደ ግን ጥፋቱ በግድግዳ ወይም ከኮርኒስ በላይ ባለው ሽቦ ሊሆን ይችላል፤ አይጥ በልቶት ወይም ዝናብ ገብቶበት ይሆናል። ያን ጊዜ ደጋግሞ ማንሣት ክልክል ነው፤ ባለሙያ ይጠራ።

ዘበኛው የማያየው በሽታም አለ። ሽቦ ከሽቦ የሚገናኝበት ስፍራ ሲላላ የኮረንቲው ብዛት ከልክ ስለማያልፍ ፊውዙ ዝም ይላል፤ የላላው ስፍራ ግን እየጋለ ይሄዳል። ምልክቱም የመብራት ብልጭ ድርግም ማለት፤ የማብሪያው መጋል፤ የመንጣጣት ድምፅና የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ነው። ከእነዚህ አንዱ ሲታይ መስመሩን አጥፍቶ ባለሙያ እስኪመጣ በሻማ ማደር ይሻላል። በአንዱ ክፍል መብራቱ ከወትሮው በልጦ ሲደምቅ በሌላው ቢደበዝዝ ደግሞ ኒውትራሉ ተቈርጦ ሊሆን ይችላል። በሦስት ፌዝ መስመር ይህ ሲሆን ግፊቱ በአንዳንድ ክፍል ወደ 380 ቮልት ሊጠጋ ይችላልና ዋናውን ማጥፊያ ወዲያው አውርዶ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት ማስታወቅ ይገባል።

ከሁሉ የከፋው ልማድ በተቃጠለው ፊውዝ ፈንታ ወፍራም ሽቦ ጠምዝዞ ማግባት ነው። መብራቱ በእርግጥ ይበራል፤ ነገር ግን ይህ ዘበኛን አስሮ በር ከፍቶ እንደ ማደር ነው። ከዚያ ወዲያ በፊውዙ ፈንታ የሚግለውና የሚቀልጠው በግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ይሆናል፤ ቤቱም ከእንጨትና ከጭድ ጭቃ የተሠራ እንደ ሆነ እሳቱ የሚታየው ሥር ከሰደደ በኋላ ነው።

ደግሞም ፊውዝ ቤትን እንጂ ሰውን እንደማይጠብቅ ሊታወቅ ይገባል። ሰውን ለመግደል ከአንድ አምፔር አንድ አሥረኛው እንኳ ይበቃል፤ የ10 አምፔር ዘበኛ ይህን አይቈጥረውም። ለዚህ የተሠራ ሌላ ብሬከር አለ፤ የሚሄደውንና የሚመለሰውን ኮረንቲ እያስተያየ ልዩነቱ 30 ሚሊ አምፔር ሲደርስ በቅጽበት ይቈርጣል። ቤት የሚያሠራ ወይም የሚያሳድስ ሁሉ ይህን ከመሬት ሽቦ ጋር እንዲያስገባ እንመክራለን። ኮረንቲ የያዘውን ሰው ግን ዋናው ማጥፊያ ሳይወርድ በእጅ መንካት ሁለተኛ ሞት መጨመር ነው።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለዋል። ስለዚህ ዛሬ በቀን ብርሃን የማከፋፈያው ሣጥን ተከፍቶ እያንዳንዱ ብሬከር የየትኛው ክፍል እንደ ሆነ ይጻፍበት፤ የእጅ ባትሪ በአጠገቡ ይቀመጥ፤ ከእመቤቲቱ ጀምሮ እስከ ልጆችና እስከ ቤት ሠራተኞች ድረስ ዋናው ማጥፊያ የት እንደ ሆነና እንዴት እንደሚወርድ ይታያቸው። ይህ ሁሉ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።