ከስቲልወተር ወደ ዓለማያ፤ የአንድ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አሠራር በኢትዮጵያ

በተማሪዎች መካከል ስለ ዓለማያ የእርሻ ኰሌጅ ጨዋታ በተነሣ ቍጥር ሁለት ዐይነት አስተያየት ሲሰነዘር እንሰማለን። አንደኛው ወገን ኰሌጁ የአሜሪካኖች ስጦታ ነው ይላል። ሁለተኛው ደግሞ ከባሕር ማዶ ተቀድቶ የመጣ ግልባጭ ነው ይላል። ሁለቱም ወገኖች የሚከራከሩት ስለ ሕንፃውና ስለ መምህራኑ ነው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው ከኦክላሆማ የመጣው ዋናው ነገር አሠራር እንደ ነበረ፣ ከዚያም አሠራር የትኛው ክፍል በአገራችን ሥር እንደ ሰደደና የትኛው እንደ ተቈረጠ ነው። የነገሩ ግማሽ የተፈጸመው በውጭ አገር ስለ ሆነ ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ሰጥተናል።

በ1862 የአሜሪካ ምክር ቤት የሞሪልን ሕግ አወጣ። በዚህ ሕግ መሠረት እያንዳንዱ ስቴት በምክር ቤቶቹ ላሉት ለእያንዳንዱ እንደራሴ 30,000 ኤከር መሬት ይሰጠዋል። ይህም በእኛ አለካክ ሦስት መቶ ጋሻ ግድም ይሆናል። ስቴቱ መሬቱን ሸጦ በገንዘቡ የእርሻና የእጅ ሥራ የሚያስተምር ኰሌጅ ያቋቁማል። (መሬቱ አስቀድሞ ከማን እንደ ተወሰደ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ታሪክ የሚናገረው ስለ ሆነ እዚህ አንዘረዝረውም፤ ሳናነሣው ማለፍ ግን አልወደድንም።) ኰሌጆቹ በተከፈቱ ጊዜ ግን ችግር ታየ። መምህራኑ የሚያስተምሩት በምርመራ የተረጋገጠ የእርሻ ዕውቀት ብዙ አልነበራቸውም። ስለዚህ በ1887 የሃች ሕግ ወጥቶ በየኰሌጁ የሙከራ ጣቢያ እንዲቋቋም ተደረገ። ከዚያ በኋላም ሌላ ጕድለት ተገለጠ። በጣቢያው የተገኘው ዕውቀት በመጽሔት ታትሞ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ እንጂ ገበሬው ዘንድ አልደረሰም። በ1914 የስሚዝና የሌቨር ሕግ የወጣው ይህንኑ ለማቃናት ሲሆን፣ በኰሌጁ ሥር ሆኖ ገበሬውን በማሳው ላይ የሚያስተምር የኤክስቴንሽን ሠራተኛ ተቀጠረ።

እንግዲህ ሦስቱ ሥራዎች ባንድ ጊዜ የታቀዱ አይደሉም፤ ሃምሳ ዓመት በሚያህል ጊዜ ውስጥ አንዱ የሌላውን ጕድለት ለመሙላት የተጨመሩ ናቸው። ማስተማሩ ያለ ምርመራ ባዶ ሆነ፣ ምርመራውም ያለ ኤክስቴንሽን ታሰረ። አንባቢ ይህን ቅደም ተከተል ልብ እንዲልልን እንለምናለን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

የኦክላሆማ የእርሻና የመካኒክ ኰሌጅ የተቋቋመው ታኅሣሥ 25 ቀን 1890 ነው። በስቲልወተር ከተማ በ1891 ትምህርት ሲጀመር የራሱ ሕንፃ ስላልነበረው ተማሪዎቹ የሚማሩት በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነበር። ኰሌጁ ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የተባለው በ1957 ነው። ከፕሬዚዳንቶቹ አንዱ የነበሩት ዶክተር ሄንሪ ቤኔት ከ1928 ዓመት ጀምሮ ኰሌጁን ስለ መሩት፣ በ1930ዎቹ ዓመታት ድርቅና ነፋስ የኦክላሆማን አፈር ጠርገው ገበሬውን ሲያሰድዱት ዐይተዋል። አፈሩ ከሄደ ገበሬውም እንደሚሄድ በመጽሐፍ ብቻ የተማሩ ሰው አልነበሩም።

ፕሬዚዳንት ትሩማን ጥር 20 ቀን 1949 ባደረጉት ንግግር በአራተኛው ነጥብ ላይ አሜሪካ የቴክኒክ ዕውቀትዋን ለሌሎች አገሮች እንድታካፍል አሳሰቡ። በአገራችን «ፖይንት ፎር» እየተባለ ሲጠራ የነበረው መሥሪያ ቤት ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው። ዶክተር ቤኔት በ1950 ኢትዮጵያን ጐብኝተው ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር ስለ እርሻ ትምህርት ተነጋገሩ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻም የዚህ መሥሪያ ቤት የመጀመሪያ ኃላፊ ሆነው ተሾሙ። ነገር ግን የዘሩትን ሳያዩ ታኅሣሥ 22 ቀን 1951 ከባለቤታቸው ጋር በቴህራን አጠገብ በአውሮፕላን አደጋ ሞቱ። በኢትዮጵያ መንግሥትና በኦክላሆማው ኰሌጅ መካከል ውሉ የተፈጸመው በሚከተለው ዓመት፣ በ1952 ነው። ንጉሠ ነገሥቱም በ1954 አሜሪካን በጐበኙ ጊዜ እስከ ስቲልወተር ድረስ ሄደዋል።

ሥራው የተጀመረው በጅማ ነው። በ1952 የጅማ የእርሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ተከፈተ። የዓለማያ ሕንፃ እስኪያልቅ ድረስ የኰሌጁም ትምህርት እዚያው በጅማ ተጀመረና በ1956 ወደ ዓለማያ ተዛወረ። የስቲልወተር ተማሪዎች በሰው ቤት ጀመሩ እንዳልነው ሁሉ የእኛዎቹም በሰው ቤት ጀመሩ። የኰሌጁ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ዶክተር ሉተር ብራነን ነበሩ። ያን ጊዜ ዓለማያ ይባል የነበረው፣ ዛሬ ሐረማያ የሚባለው ስፍራ በሐረርና በድሬዳዋ መካከል በሐይቅ ዳር የሚገኝ ደጋ ነው፤ ከፍታው 2,000 ሜትር ያህል ሲሆን ገበሬው ማሽላ፣ በቆሎና ጫት ያበቅላል።

ከኦክላሆማ የመጡት መምህራን ስለ ስንዴ፣ ስለ በቆሎና ስለ ከብት ብዙ ያውቁ ነበር። ስለ ጤፍ ግን አያውቁም ነበር፤ ያን ጊዜ በአገራቸው በሰፊው አይዘራም ነበርና። የውጭ አሠራር የሚፈተነው እንዲህ ባለው ቦታ ይመስለናል። ለምሳሌ የፈረንጅ ዶሮን ብንወስድ ነጭዋ ሌግሆርን ከአበሻ ዶሮ ይልቅ ብዙ እንቍላል ትጥላለች፤ ነገር ግን አትታቀፍም። ባለቤትዋ እንቍላሉን የሚያስፈለፍልበት መሣሪያ ከሌለው ጫጩት ባስፈለገው ቍጥር ወደ ጣቢያው ይመለሳል፤ አለዚያም የአበሻ ዶሮ ፈልጎ ያስታቅፋል። እናቶቻችን እንቍላል ጣይዋን ሳይሆን ታቃፊዋን ቢያከብሩ አላዋቂነት አይደለም።

ጤፍን በተመለከተ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው። ዶሮዋ ከነዕውቀትዋ ከውጭ ስትመጣ፣ የጤፍ ዕውቀት ግን እዚሁ መፈለግ ነበረበት። ለዚህ ሥራ ዋናው ስፍራ በኰሌጁ ሥር የነበረው የደብረ ዘይት (የዛሬው ቢሾፍቱ) የሙከራ ጣቢያ ነው። ሠራተኞቹ ከየአውራጃው የገበሬውን ዘር እየሰበሰቡ በቍጥር መዘገቡ፤ እየዘሩም የተሻለውን መረጡ። ማኛ የሚባለው ነጭ ጤፍ «ዲዜድ 01 196» የሚል ቍጥር የተሰጠው በዚህ አኳኋን ነው፤ «ዲዜድ» ደብረ ዘይት ማለት ነው። ይህ መምረጥ እንጂ ማዳቀል አይደለም። ማዳቀል ለረጅም ጊዜ የማይቻል መስሎ ነበር። ምክንያቱም አንድ ግራም ጤፍ ሦስት ሺህ ያህል ፍሬ አለው። ፍሬው እንዲህ ካነሰ አበባው ምን ያህል እንደሚያንስ መገመት ይቻላል፤ በዚያም ላይ ጤፍ ራሱን በራሱ የሚያራባ ተክል ነው። አዳቃዩ የወንዴውን ክፍል ዱቄቱን ከመርጨቱ በፊት ነቅሎ ማውጣት አለበት፤ አበባው መቼ እንደሚከፈት ካላወቀ ግን ሁልጊዜ ዘግይቶ ይደርሳል።

በ1974 ዶክተር ታረቀ በርሄ የጤፍ አበባ የሚከፈተው ማለዳ፣ በእኛ አቈጣጠር ከጧቱ አንድ ሰዓት ግድም ለጥቂት ጊዜ ብቻ መሆኑን ደረሱበት። ከዚያ ወዲህ በማጕያ መነጽር እየታገዙ ማዳቀል ተቻለ። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ጤፍ ለብዙ ዘመን በገበሬዎቻችን ዐይን ፊት በየማለዳው አብቦ ከስሟል። በ2006 የወጣው ቍንጮ የተባለው ዘር የዚህ ውጤት ነው። አንዱ ወላጁ ከላይ የጠራነው ነጩ 196 ሲሆን ሌላው ምርቱ የበዛው «ዲዜድ 01 974» ነው። ሁለቱም ወላጆች ከገበሬው ጐተራ የተገኙ ናቸው። ከኦክላሆማ የመጣው እንግዲህ ዘሩ አይደለም፤ ዘርን መዝግቦ፣ ዘርቶ፣ አመዛዝኖ ለሚቀጥለው ሰው የማስተላለፉ ልማድ ነው።

አሁን አስቀድመን ወዳልነው ቅደም ተከተል እንመለስ። በውሉ አሳብ ማስተማሩ፣ ምርመራውና ኤክስቴንሽኑ በኰሌጁ ሥር እንዲያያዙ ነበር። በ1963 ግን ኤክስቴንሽኑ ከኰሌጁ ወጥቶ ወደ እርሻ ሚኒስቴር ተዛወረ። በ1966 ደግሞ የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት ለብቻው ተቋቋመ። የኦክላሆማ ሰዎች በ1968 ሥራቸውን ጨርሰው ሲሄዱ ኰሌጁ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ክፍል ነበር፤ ዋና ሥራውም ማስተማር ሆነ። የደብረ ዘይት ጣቢያ ከኰሌጁ ጋር ባይቈይ ኖሮ ከላይ የተረክነው የጤፍ ታሪክ የዚህ ጽሑፍ ክፍል ባልሆነ ነበር።

ለዚህ መለያየት ምክንያት አልነበረም አንልም። አንድ ኰሌጅ በሐረርጌ ዳር ተቀምጦ የጐጃምንና የሲዳሞን ገበሬ ሊያዳርስ አይችልም፤ ሚኒስቴሩ ግን በየጠቅላይ ግዛቱ ጽሕፈት ቤት ነበረው። በአሜሪካ እያንዳንዱ ስቴት የራሱ ኰሌጅ ስላለው ይህ ችግር አልነበረም። ይሁን እንጂ እንደ እኛ አስተያየት ከመለያየቱ የመጣው ጕዳት ከጥቅሙ በልጧል። ገበሬው ጋር የሚውለው ሠራተኛ ለአንድ አለቃ፣ ዘሩን የሚመረምረው ለሌላ አለቃ፣ ተማሪውን የሚያስተምረው ለሦስተኛ አለቃ ሪፖርት ሲጽፍ፣ የገበሬው ጥያቄ ወደ ላይ የሚሄድበት መንገድ ይጠፋል። ትእዛዝ ከላይ ወደ ታች መውረድ አያቅተውም፤ የሚያቅተው ከታች ወደ ላይ መውጣቱ ነው። የ1887ንና የ1914ን ሕጎች ያስወጣው ጕድለት ይኸው ነበር።

ሌላም ነገር አለ፤ መሬቱ የማን ነው? በዚያን ጊዜ በደቡብ የሚኖረው ገበሬ በብዛት ጭሰኛ ነበር። ምርቱን በምክር ቢያሳድግ ካደገው ውስጥ የባለመሬቱ ድርሻ አብሮ ያድጋል፤ ባለመሬቱም ትርፍ መኖሩን ካየ ጭሰኛውን አስነሥቶ ራሱ በትራክተር ሊያርስ ይችላል። አንዳንድ ሰዎች ይህን ሲያነሡ አሜሪካኖቹ ጭሰኝነትን ስለማያውቁ ነው የተሳሳቱት ይላሉ። ይህ ልክ አይደለም፤ በ1930ዎቹ ዓመታት ከኦክላሆማ ገበሬዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በሰው መሬት የሚያርሱ ነበሩ። ነገሩን ያውቁት ነበር፤ በእንግድነታቸው ግን ሊነኩት አልቻሉም። የገጠር መሬት የሕዝብ የሆነው በ1975 በወጣው አዋጅ ነው፤ ያም ቢሆን የራሱን ሌላ ጥያቄ አስከትሏል።

ሰዎቹን በተመለከተ አንድ ብቻ እንጥቀስ። ዶክተር ገቢሳ እጄታ በጅማው የእርሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ተምረው በ1973 ከዓለማያ ተመረቁ፤ ከዚያም በአሜሪካ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪ አገኙ። በሱዳን ድርቅን የሚችል የማሽላ ድቃይ አወጡ። ከዚያም በአቀንጭራ ላይ ሠሩ። የአቀንጭራ ዘር በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ተደብቆ ይቈይና የማሽላው ሥር የሚያወጣው ቅመም ሲደርሰው ብቻ ይበቅላል፤ ከዚያም ሥሩ ላይ ተጣብቆ ይመጠዋል። እንግዲህ ቅመሙን በጥቂቱ ብቻ የሚያወጣ ማሽላ ቢዘራ አቀንጭራው ሳይነቃ ይቀራል። በዚህ መንገድ አቀንጭራን የሚቋቋሙ ዘሮች ወጡ፤ በ2009 ዶክተር ገቢሳ የዓለም የምግብ ሽልማት ተቀበሉ። እዚያ ከመድረሳቸው በፊት የሐረርጌ ገበሬ አቀንጭራን በእጁ ሲነቅል ኖሯል፤ የጨዋታው መነሻም ያ ማሳ ነው።

ዓለማያ በ1985 የእርሻ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ በ2006 ደግሞ ስሙ ሐረማያ ተባለ። በ2000ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ግን በስሙ የሚጠራበት ሐይቅ ደረቀ። የሐረርን ከተማ ያጠጣ የነበረው ይኸው ውሃ ነበር። ከተራራው የሚወርደው ደለል ሐይቁን ሞላው፤ ገበሬውም ጫትና አትክልት ለማጠጣት በሞተር ይስበው ነበር። የእርሻና የአፈር ምሁራን በሐይቁ ዳር ከአርባ ዓመት በላይ ተቀምጠዋል። ምን ያህሉን አስቀድመው ዐውቀውት ነበር፣ ያወቁትንስ ለማን ነገሩ የሚለውን ከመዝገብ ቤቱ ሪፖርቶችና ከሐይቁ ዙሪያ ገበሬዎች አፍ አሰባስበን በሚቀጥለው ቡለቲን ለማቅረብ አስበናል።