ከእንጀራው ጋር የሚቀረው አሰር

ካርቦሃይድሬት ለመቀነስ የቆረጠ ሰው መጀመሪያ የሚተወው እንጀራን ነው። ሽሮው፣ ምስሩና ቂንጬውም ይከተላሉ። ክብደቱና የደም ስኳሩ መውረድ ሲጀምሩ ደስ ይለዋል፤ ብዙ ሳይቆይ ግን ሆዱ ይደርቃል። ከገበታው የተነሳው ስታርች ብቻ አይደለምና። የዕለቱን አሰር፣ ማለትም ፋይበሩን፣ የሚያቀርቡለት ጤፉና ጥራጥሬው ነበሩ።

አሰር በኬሚስትሪ ዘሩ ካርቦሃይድሬት ነው። ይሁን እንጂ ትንሹ አንጀታችን የሚፈጭበት ኢንዛይም ስለሌለው ወደ ስኳርነት ሳይለወጥ ትልቁ አንጀት ይደርሳል። እዚያ ባክቴሪያዎች ያብላሉትና ቡቲሬት የተባለ የስብ አሲድ ያወጣሉ። የትልቁ አንጀት ግድግዳ ሴሎች ጉልበት የሚያገኙት በዋናነት ከዚሁ ነው። ስለዚህ «አሰርም ካርቦሃይድሬት ነው፣ ይቀነስ» የሚለው ምክር ጎጂ ነው ብዬ አምናለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 25 ግራም ይመክራል፤ እንጀራ ማቆም ይህን ፍላጎት አያስቀረውም።

ያለ እንጀራ ይሟላል? አዎ፣ ከሞላ ጎደል ይሟላል። መካከለኛ አቮካዶ 10 ግራም ያህል አሰር አለው። 200 ግራም የበሰለ ጎመን 8 ገደማ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ 4፣ አንድ እፍኝ ኦቾሎኒ ደግሞ 2 ግራም ይጨምራሉ። የዚህ ሁሉ ወደ ስኳር የሚለወጥ ካርቦሃይድሬት ተደምሮ ከ10 ግራም አይበልጥም።

ከሁሉም የሚያስደንቀኝ ተልባ ነው። በ100 ግራም ውስጥ ካለው 29 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት 27ቱ አሰር ነው። ውሃ ሲነካው የሚዝለገለገው ከፍሬው ልባስ የሚወጣ፣ ውሃ ይዞ ሰገራን የሚያለሰልስ አሰር ነው። እንደ ልማዳችን ቆልተን ፈጭተን፣ በውሃ በጥብጠን ስናጠልለው ግን ገለፈቱን እንጥላለን፤ ከገለፈቱ ጋር ብዙው አሰር ይሄዳል። ሳይጠለል፣ ያለ ማር ይጠጣ። ከትንሽ ተጀምሮ ቀስ በቀስ ካልተጨመረ ሆድ ይነፋል።

ውሃውም አይረሳ። ሰውነት በጉበትና በጡንቻ የሚያከማቸው ግላይኮጅን በእያንዳንዱ ግራም 3 ግራም ያህል ውሃ ይይዛል። ካርቦሃይድሬት ሲቀንስ ይህ ክምችት ይሟጠጣል፣ ውሃውም በሽንት ይወጣል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ፈጣን ክብደት መቀነስ አብዛኛው ይኸው ነው፤ ድርቀቱንም ያባብሰዋል። ኢንሱሊን ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ የደም ስኳሩ ከመጠን በታች እንዳይወርድ፣ እንጀራውን ከማቆሙ በፊት ሐኪሙን ያማክር።

በውጭ አገር የሚኖሩ አንባቢዎች የታሸገ ምግብ ሲገዙ መለያውን ልብ ይበሉ። አሜሪካ ውስጥ ጠቅላላ ካርቦሃይድሬት ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር አሰሩን ይጨምራል፤ ስለዚህ ወደ ስኳር የሚለወጠውን ለማወቅ አሰሩ ይቀነሳል። በአውሮፓ መለያ ላይ ግን አሰሩ አስቀድሞ ተቀንሶ ለብቻው ነው የሚጻፈው። እዚያ ደግሞ የሚቀንስ ሰው የበላውን ካርቦሃይድሬት አሳንሶ ይቆጥራል።