የኤሌክትሪክ ምጣድ ለምን ብዙ ኃይል ይፈልጋል? ጥገናውስ ለምን ጥንቃቄ ይሻል?

በከተማ ነዋሪዎች ቤት ከሚገኙት የኤሌክትሪክ መገልገያዎች ውስጥ በአንድ ጊዜ ከፍተኛውን ኃይል ከሚስቡት መካከል የእንጀራ ምጣድ ቀዳሚ ነው። አንድ የተለመደ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ኃይል ይወስዳል። ባለ 3 ነጥብ 5 ኪሎ ዋት ምጣድ 350 ባለ 10 ዋት አምፖሎች በአንድነት ሲበሩ የሚወስዱትን ያህል ኃይል ይጠቀማል ማለት ነው። ይህ መሣሪያ በርካታ ጊዜ የሚሠራውም ሆነ የሚጠገነው በትልልቅ ፋብሪካዎች ሳይሆን በአነስተኛ የብረታ ብረትና የኤሌክትሪክ ጥገና ቤቶች ነው።

አሠራሩ ሲታይ ቀላል ነው። ከሸክላ የተሠራው ምጣድ በታችኛው ገጹ ላይ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የሚዞር ቦይ ይወጣለታል። በቦዩ ውስጥ ሬዚስታንስ የሚባለው ጥቅል ሽቦ ይዘረጋና በጀሶ ይሸፈናል። ከዚያም ምጣዱ በቆርቆሮ ወይም በአሉሚኒየም አካል ላይ ተቀምጦ እግርና ክዳን ይበጅለታል። ሽቦው የኒኬልና የክሮሚየም ቅይጥ ነው። ቅይጡ የተመረጠበት ምክንያት ሲግል በላዩ ላይ የክሮሚየም ኦክሳይድ ስስ ሽፋን ስለሚፈጠርና ይህም ሽፋን ሽቦው በአየር ተበልቶ ቶሎ እንዳያልቅ ስለሚከላከል ነው። ተራ የብረት ሽቦ በዚያ ሙቀት ብዙ አይቆይም።

ሸክላው እስከ ዛሬ በብረት ያልተተካው በልማድ ብቻ አይደለም። ሸክላ ሙቀትን የሚያስተላልፈው በዝግታ ነው። በመሆኑም ሽቦው ባለበት መስመር ላይ ብቻ ከማቃጠል ይልቅ ሙቀቱ ወደ ጎን እንዲሰራጭ ጊዜ ይሰጣል። ቀዝቃዛ ሊጥ ሲፈስበትም አስቀድሞ ያጠራቀመውን ሙቀት ስለሚለግስ የምጣዱ ገጽ በድንገት አይበርድም። የእንጀራ ዓይን የሚፈጠረውም በዚሁ ቅጽበት ነው፤ በሊጡ ውስጥ በመቡካት የተፈጠረው ካርቦን ዳይኦክሳይድና የሚተነው ውሃ ወደ ላይ ሲወጡ መንገዳቸውን ክፍት ትተው ያልፋሉ። ምጣዱ ካልጋለ ዓይኑ ይጠፋል። እንጀራ ስለማይገለበጥ የላይኛውን ገጽ የሚያበስለው በአክንባሎ ሥር የሚታፈነው እንፋሎት ነው። በጎመን ዘር ማሰስም የሸክላውን ጥቃቅን ቀዳዳዎች በቅባት ደፍኖ ሊጡ እንዳይጣበቅ ያደርጋል።

የዚህ ጠባይ ሌላው ገጽታ ምጣዱ እስኪግል ድረስ ብዙ ደቂቃዎች የሚወስድና ያን ጊዜ የሚጠፋው ኃይል አንድም እንጀራ ሳይጋገርበት የሚያልፍ መሆኑ ነው። ስለሆነም በሳምንት ሦስት ጊዜ ጥቂት ጥቂት ከመጋገር ይልቅ በአንድ ጊዜ መጋገር፣ የመጨረሻውን ሊጥ ከማፍሰስ በፊትም ምጣዱን አጥፍቶ በተጠራቀመው ሙቀት መጠቀም ከቆጣሪው ላይ በግልጽ የሚታይ ቁጠባ ያስገኛል።

ብዙዎች ምጣዳቸው ያረጀ የሚመስላቸው የኤሌክትሪክ መስመሩ ኃይል ሲደክም ነው። የሬዚስታንስ ሽቦ የሚሰጠው ሙቀት ከቮልቱ ጋር እኩል አይቀንስም፤ የሚቀንሰው በቮልቱ ካሬ መጠን ነው። በ220 ቮልት 3 ሺህ 500 ዋት የሚሰጥ ምጣድ መስመሩ ወደ 180 ቮልት ሲወርድ የሚሰጠው 2 ሺህ 340 ዋት ገደማ ብቻ ነው። ቮልቱ በ18 በመቶ ሲቀንስ ሙቀቱ በአንድ ሦስተኛ ይቀንሳል ማለት ነው። ማታ የተጋገረ እንጀራ ዓይን አልባ ሆኖ በማለዳ የተጋገረው ሲያምር ጥፋቱ ሁልጊዜ የሊጡ ወይም የጋጋሪዋ አይደለም።

ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚያስፈልገው ግን ጥገናው ነው። ሽቦው በአንድ ቦታ ሲቃጠል ጠጋኞች ብዙውን ጊዜ የተበላውን ክፍል ቆርጠው ጫፎቹን በማጠማዘዝ ይቀጥሉታል። ምጣዱ ወዲያው ይሠራል፤ እንዲያውም ከቀድሞው ይበልጥ ይግላል። ደንበኛውም ጥገናው እንደተዋጣለት ያምናል። እውነታው ግን ሌላ ነው። በ220 ቮልት 3 ሺህ 500 ዋት እንዲሰጥ የተለካ ሽቦ 13 ነጥብ 8 ኦም ገደማ መቋቋም ሲኖረው የሚስበውም 15 ነጥብ 9 አምፔር ነው። ሽቦው በአንድ አሥረኛ ሲያጥር መቋቋሙ ወደ 12 ነጥብ 4 ኦም ይወርዳል፤ የሚስበው ደግሞ 17 ነጥብ 7 አምፔር ይሆናል። ይኸው ጥገና በተመሳሳይ መጠን ከተደገመ ወደ 19 ነጥብ 7 አምፔር ይደርሳል። የተለመደው የግድግዳ ሶኬት ግን የተሠራው ለ16 አምፔር ነው። በቤቱ ሽቦዎች ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀትም በካሬ ስለሚያድግ ከመጀመሪያው ከግማሽ በላይ ይጨምራል። ሶኬቱ የሚጠቁረው፣ ስፒናው የሚቀልጠው፣ አልፎም እሳት የሚነሳው በዚህ ምክንያት ነው። የተጠማዘዘው መጋጠሚያም ራሱ ስለሚግል ቀጣዩ ቃጠሎ ብዙ ጊዜ እዚያው ላይ ይደርሳል። ትክክለኛው ጥገና ሽቦውን በሙሉ በተለካ አዲስ ሽቦ መለወጥ ነው። በኦም መለኪያ ማረጋገጡ አንድ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም፤ የማይለካ ጠጋኝ በግምት እየሠራ መሆኑን ደንበኛው ሊያውቅ ይገባል።

ምጣድን ከማብሰያና ከማቀዝቀዣ ጋር በአንድ ዲቫይደር መሰካትም በተመሳሳይ ምክንያት አደገኛ ነው። የሚበጀው ከብሬከሩ በቀጥታ የሚመጣ፣ ቢያንስ 2 ነጥብ 5 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የራሱ መስመር ሲሆን ርቀቱ ረዘም ካለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ይመረጣል። የተሰነጠቀ ምጣድን በተመለከተ ደግሞ ጉዳዩ የሕይወት ነው። ደረቅ ሸክላ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ በስንጥቁ የገባ እርጥብ ሊጥ ግን ያስተላልፋል። ብረታማው አካል ከመሬት ሽቦ ጋር ካልተገናኘ በእርጥብ ወለል ላይ ቆማ የምትጋግር ሴት ራሷ የኤሌክትሪኩ መንገድ ልትሆን ትችላለች።

የሀገሪቱ የማመንጨት አቅም ማደጉ የሚታወቅ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ብቻውን 5 ሺህ 150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ይሁንና ኃይሉ ወደ ምጣዱ የሚደርሰው በሰፈሩ ትራንስፎርመር በኩል ነው። መቶ ቤቶች በአንድ ሰዓት ምጣድ ቢለኩሱ 350 ኪሎ ዋት ይፈልጋሉ፤ ይህም 315 ኪሎ ቮልት አምፔር ከሚሸከም ትራንስፎርመር አቅም በላይ ነው። የቮልት መውረዱ አንዱ መነሻ ይኸው ነው።

በሰሜን አሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ችግሩን በሌላ መልኩ ያውቁታል። እዚያ የቤት ሶኬት 120 ቮልት በመሆኑ ከሀገር ቤት የተላከ ባለ 3 ሺህ 500 ዋት ምጣድ የሚሰጠው 1 ሺህ 40 ዋት ገደማ ብቻ ነው፤ ሊጡን ከማሞቅ አልፎ እንጀራ አያወጣም። በመሆኑም ብዙዎች ሌፍሳ የተባለውን የኖርዌይ የድንች ቂጣ ለመጋገር የተሠራውን ክብ የአሉሚኒየም ምጣድ ለእንጀራ ያውሉታል። ስፋቱ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ በመሆኑ እንጀራው ያንሳል፤ አሉሚኒየም ግን ሙቀትን በፍጥነት ስለሚያሰራጭ አነስተኛው ኃይል ይበቃዋል።